ሠንጠረዡን ስታነቢ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በጀርመን ሁለተኛው የሴቶች እግር ኳስ ሊግ፣ በሁለተኛው ቡንደስሊጋ፣ ልትጫወቺ መፈረምሽን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሊጉ 14 ቡድን አለው፤ እያንዳንዱ 26 ጨዋታ ያደርጋል፣ 13ቱን በሜዳው። በተለመደው ዓመት ሁለት ቡድን ወደ ዋናው ሊግ ያድጋል፣ ሦስት ወደ ታች ይወርዳል። ሠንጠረዡ ላይ ሰው የሚሳሳተው በትልልቆቹ ክለቦች ሁለተኛ ቡድኖች፣ ከዋናው ቡድን በታች ባሉት፣ ነው። እነሱ አንደኛ ቢወጡም ማደግ አይፈቀድላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018/19፣ የሰሜንና የደቡብ ምድብ ተጠቃሎ አንድ ሊግ በሆነበት የመጀመሪያ ዓመት፣ አንደኛ የወጣው የቮልፍስቡርግ ሁለተኛ ቡድን ነበር፤ ያደጉት ግን ኮሎኝና ዬና ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለተኛ ቡድኖቹን ሰርዢና ከዚያ ቁጠሪ። ከላያችሁ ካሉት ሁለቱ እንዲህ ያሉ ከሆኑ፣ አራተኛ ሆናችሁም ልታድጉ ትችላላችሁ።

ከሁለተኛ ቡድኖቹ ጋር ስትጫወቱ ያለፈ ጨዋታቸውን ቪዲዮ አትመኑ። ዋናው ቡድን ያላሰለፋቸውን ልጆች ወደ ታች ሲልክ በሳምንቱ ሌላ ቡድን ሆነው ይመጣሉ። ነጥብ እኩል ሲሆን የሚለየው የጎል ልዩነት ስለሆነ፣ 3 ለ 0 እየተሸነፋችሁም አራተኛዋ እንዳትገባባችሁ ተከላከሉ፤ ግንቦት ላይ ትቆጠራለች።

ማደግ ደግሞ መሰንበት አይደለም። ሜፕን የሚባለው ክለብ በ2020 አደገ፣ በ2021 ወረደ፣ በ2022 አደገ፣ በ2023 ተመልሶ ወረደ። ስድስት ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን የሆነው ቱርቢነ ፖትስዳም እንኳ በዚያው በ2023 ወርዷል። ውልሽ ቡድኑ ቢወርድም የሚጸና መሆኑን መስመር በመስመር አንብቢ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጉልበትሽ ነው። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ አብዛኛው የሚበጠሰውም ማንም ሳይነካሽ፣ በድንገት ስትዞሪ ወይም ዘለሽ በአንድ እግር ስታርፊ ነው። ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ረጃጅም ጥርስ ያለው ታኬታ አታድርጊ፤ ጥርሱ ሣሩን ይነክስና እግርሽ ተተክሎ ይቀራል፣ ገላሽ ሲዞር ጉልበትሽ ይጠመዘዛል። አጫጭርና ብዙ ጥርስ ያለውን ግዢ፣ ለለሰለሰ የተፈጥሮ ሣር ሌላ ጥንድ ያዢ። ፊፋ 11+ የሚባለውን ማሟሟቂያ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ሥሪ፦ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ መጨረሻ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። ብዙዎች በብርድ የሚዘሉት መሐለኛውን 10 ደቂቃ ነው፤ ጅማቱን የሚጠብቀው ግን እሱ ነው። ዘለሽ ስታርፊ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ አይግባ፣ በእግር ጣቶችሽ አቅጣጫ ይታጠፍ። ጓደኛሽ ከፊት ቆማ ትይልሽ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይጠብቅልኝ።

እናትሽ