ጨዋታውም ሸንጎውም በአንድ ሜዳ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ብላሻለች። የአዲስ አበባ ሰው ከጣሊያን ወረራ በፊት የት ይዝናና፣ የትስ ይሰበሰብ እንደነበረ የጠየቅሽኝን ሳሰላስል ከረምሁ። አንቺ መዝናኛውን ለብቻ፣ ስብሰባውንም ለብቻ እንድጽፍልሽ ፈልገሻል፤ እኔ ግን ከዓድዋ እስከ ማይጨው በነበሩት 40 ዓመታት ከተማይቱ ሁለቱን ለይታ የምታውቅ አይመስለኝም። ሰው ለጨዋታ በወጣበት የአገሩን ጉዳይ ይሰማል፤ ለአገር ጉዳይ በተጠራበትም ይስቃል፣ ያቅራራል፣ ይፎክራል።

ከጃንሜዳ ልጀምር። ታቦታቱ ለጥምቀት የሚያድሩበት፣ ፈረሰኞች ጉግስ የሚገጥሙበት፣ በገና ሰሞን ደግሞ ሩር የሚጠለዝበት ሜዳ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ በዚያች ቀን ሎሌው ጌታውን በግጥም ቢሸነቁጠው አይጠየቅም ነበርና ጨዋታው በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈት የልብ መናገሪያ ነበር። ዳሩ ግን የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት እየፎከረ ያለፈው፣ የተሻሩት የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤልም በሰንሰለት ታስረው ለሕዝብ የታዩት በዚሁ ሜዳ ነው። ሕዝቡ ሥልጣን ከማን ወደ ማን እንደ ዞረ በዓይኑ ያየው ገና ሲጫወት በኖረበት ሣር ላይ ቆሞ ነው።

ለእኔ የዚያ ዘመን ትልቁ ቴአትር ግን ችሎት ነበር፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ታገሺኝ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ጨብጠው፣ «በልሃ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ ጉዳዩ የማይመለከተው መንገደኛ ሁሉ ሥራውን ትቶ ከብቦ ይቆም ነበር። ተሟጋቹ ነገሩን በግጥምና በተረት እያዋዛ፣ ወደ ፊት እየተራመደና ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ «ተጠየቅ!» ሲል፣ ሌላው ደግሞ በማር ወይም በበቅሎ ውርርድ ሲያስይዝ፣ ተመልካቹ ማን እንደሚረታ ከዳኛው ቀድሞ ይፈርዳል። ዳኛ ሩቅ ሲሆን አላፊ አግዳሚውን ሽማግሌ «በሕግ አምላክ» ብለው አስቁመው የመንገድ ዳኛ ያደርጉታል። አነጋገሩ ያማረለትን ሰው ቃል አድማጩ ወደ ቤቱ ይዞት ሄዶ ለሚስቱና ለልጆቹ ይደግመዋል። እንግዲህ ይህን መዝናኛ ትዪዋለሽ ወይስ የሕዝብ ጉባኤ?

በጠጅ ቤትም እንዲሁ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ጠጪውን ያወድሳል፤ በመካከሉ ግን ሰሙ ስለ ፍቅር የሚመስል፣ ወርቁ ሹሙን የሚነካ ስንኝ ጣል ያደርጋል። የቀድሞ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ የነበረው ዘፈን ለማድመጥ ጓጉተው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ማኅበሩንና ሰንበቴውንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ በቅዱሱ ቀን ጠላና ዳቦ የቀረበላቸው ማኅበርተኞች የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የተቸገረ ይረዳሉ፣ ወሬም ይለዋወጣሉ።

ከውጭ አገር የመጣው መዝናኛ ወደዚህች ከተማ ሲገባ አቀባበሉ እንደየዓይነቱ ይለያያል። ሲኒማው «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም ወጣለት፤ ሰዎች በጨለማ ተቀምጠው ነፍስ የሌለው ጥላ ሲንቀሳቀስ ማየታቸው ለካህናቱ የሚዋጥ አልነበረም። የማርሽ ሙዚቃ ግን አልተቸገረም፤ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የሙዚቃ ጓድ ሆነው ነጋሪትና እምቢልታ በለመደው ከተማ ውስጥ ቶሎ ቦታ አገኙ።

ቴአትሩ ነው ነገሩን ግልጥ የሚያደርገው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ዘመን በኋላ ሩሲያ ያደጉ፣ በመድፈኛ መኮንንነት የሠለጠኑ ሰው ናቸው፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማ አውሬዎች እየተነጋገሩ የመንግሥትን አስተዳደር የሚተቹበትን ኮሜዲያቸውን በሆቴል አዳራሽ ለመኳንንቱ አሳዩ። በሰምና ወርቅ ያደገ ተመልካች አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ለመገመት አልተቸገረም። ንግሥት ዘውዲቱም መጽሐፉ እንዲሰበሰብ፣ ቴአትርም እንዳይታይ አዘዙ። ብዙ ጸሐፊዎች በዚህ ንግሥቲቱን ይወቅሷቸዋል፤ እኔ ትእዛዙን ባልወደውም አስተዋይነታቸውን አልክድም፤ ያ መድረክ ሸንጎ መሆኑ ወዲያው ገብቷቸዋልና። ሰውየውስ ቢሆኑ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተከራከሩት እሳቸው አይደሉምን?

ቴአትር እንደገና የታየው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። መምህር ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎቻቸውን እያሠለጠኑ በግጥም የታነጹ ድርሰቶችን አቀረቡ፤ ናልባንዲያን ዜማውን ያወጡለት የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙር ግጥምም የእሳቸው ነው። ሴቶች የት ነበሩ ላልሽው፣ በመድረኩ ላይ አልነበሩም፤ ሴት ሆኖ የሚጫወተው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ልጅ ነበር። በጠጅ ቤቱና በሠርጉ ግን ሴት አዝማሪዎችን ማንም አልከለከላቸውም፤ አዲሱ መድረክ በዚህ ረገድ ከአሮጌው ጠቦ መገኘቱ ይገርመኛል።

በመጨረሻ የጣሊያን ዝግጅት ገሃድ ሲወጣ፣ መኰንን ሀብተ ወልድ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ሕዝቡን ሰብስበው ንግግር ያሰማሉ፤ ንግግሩ ሲያልቅ አዝማሪው ይነሣል፤ ገጣሚው ይከተላል፤ ፎካሪውም ጎራዴውን መዝዞ ይወጣል። ይህን አሠራር ከባዶ የፈጠሩት አልነበረም፤ ጃንሜዳና ችሎቱ፣ ጠጅ ቤቱም ለብዙ ዘመን ሲያደርጉት የኖሩትን ማኅበር አድርገው ስም ሰጡት እንጂ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ትልቁ ነጋሪት ተጎሰመና የክተት አዋጁ ተነበበ፤ ሰውም እየፎከረ ዘመተ።

ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን ከተማይቱን ሲይዝ ያ ሁሉ ተበተነ። ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ተክለ ሐዋርያትም አገር ለቀው ወጡ። ማኅበሩ ከነጻነት በኋላ እንደገና ተሰባስቦ በፒያሳ ቴአትር ቤት ሆነ፤ በልጅነትሽ ይዤሽ የሄድሁት እዚያ ነው። የጻፍሽውን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ የችሎቱን ክፍል ግን አደራሽን አታሳጥሪብኝ።

አባትሽ