ጉንፋን ነው ብለሽ አትለፊው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፤ የጦሳ ብርድ ብቻ ደሴን አላስቀምጥ ብሏታል። እህትሽ ደውላ እያሳልሽ ከቤተ ሙከራ እንደማትወጪ ነገረችኝ። ልጄ፣ ጉንፋን ነው ብለሽ አትለፊው።

ባለፈው ስለምታጠኚው ኢንፍሉዌንዛ በስልክ ስታስረጂኝ ዝም ያልኩት ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ስምንት ቁራጭ አር ኤን ኤ (የቫይረሱ የዘር መልእክት)፣ እያንዳንዱ ኤንፒ በተባለው ፕሮቲን ተጠቅልሎ፤ ልክ አባቴ ከባቲ ገበያ እንደሚያመጡት ጭነት። ኤንፒ የይለፍ ምልክት ስላለው የሴሉ ተሸካሚዎች ራሳቸው ተቀብለው የሴሉ እምብርት ኒውክሊየስ ውስጥ ያስገቡታል። ተባዝቶ ሲወጣ ደግሞ ኤም1 እና ኤንኢፒ የተባሉ የቫይረሱ ፕሮቲኖች ከሴሉ አስወጪ ፕሮቲን ጋር ያገናኙታል፤ ከዚያ ራብ11 የተባለ ፕሮቲን ያለባቸው የሴሉ ትናንሽ ከረጢቶች ወደ ሽፋኑ ያደርሱታል። የራሱ በቅሎ የለው፤ በባለቤቱ በቅሎ፣ በባለቤቱ መንገድ ይሄዳል! ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ቫይረሱን ክብ አድርጌ ስዬ፣ ዙሪያውን እሾህ ተክዬበት አልፍ ነበር። ይህን ጉዞ ለአንድ ተማሪ እንኳን አልነገርኩም።

ዝም ያልኩት አያትሽ፣ አባቴ፣ ትዝ ብለውኝ ነው። ከባቲ «አመመኝ» ብለው ሰው ሲልኩብኝ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። «ጉንፋን ነው፣ ዳማከሴ ይሽተቱ» ብዬ መለስኩ። የደረስኩት ዓርብ ነው። ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል፤ ስሜን ለመጥራት ሁለት ጊዜ አረፉ። ቅዳሜ ቀበርናቸው። አላህ ይማራቸው፤ እኔን ግን ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ከእጄ አልወጣልኝም።

በ1911 ዓ.ም. አገር የፈጀው የህዳር በሽታ ይኸው ያንቺው ኢንፍሉዌንዛ አይደለም እንዴ? እያወቅሽው ትንቂዋለሽ? በዚህ ተቆጥቻለሁ። ጉንፋን ነው ብለሽ አትለፊው። ሥራውን ለጊዜው ተይው፤ ጓደኞችሽንም አታስይዣቸው። አንቲባዮቲክ እንዳትውጪ፣ ቫይረስን አይነካውም። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ።

አብሽሪ የኔ ዓለም፣ እናትሽ ዱዓ እያደረገችልሽ ነው። በሶና ማር በጠዋቱ አውቶቡስ ልከናል። አንቺ እንዳትወጪ፤ እህትሽ ትቀበል። የማሩ ክዳን ስለሚያፈስ ቀጥ አድርጋ ትያዘው።

አባትሽ፣ ከደሴ