የአባዬን ቤት ለገዢ ከማሳየታችሁ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጋሼስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤታችን ተሸጧል። ቁልፉን አስረክበን ደረጃ የሌለው ትንሽ አፓርታማ ገብተናል። ጉልበቴ ከአሁኑ እፎይ ብሏል።

የጉለሌውን የአባዬን ቤት ስለመሸጥ በስልክ ያነሳሽልኝን ሳብሰለስለው ሰነበትኩ። ጋሼ ቀለም ቀብተን፣ ኮርኒሱን ቀይረን፣ ማድቤቱን አድሰን እንሽጠው ይላል አልሽኝ። እኔ ገና ከዚሁ ጣጣ መውጣቴ ነው። ያየሁትን ሳልነግራችሁ ብር እንድታወጡ አልፈልግም። በስልክ ወሬው ስለሚበታተን በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

እዚህ ቤት ከመሸጡ በፊት እንደ ሙሽራ ይሰናዳል። ኤጀንታችን ገና እንደገባች ያለችን ዕቃ ቀንሱ ነው። አንዱ ሶፋ ይውጣ፣ ቁም ሳጥኑ ግማሹ ባዶ ይሁን፣ ግድግዳ ላይ ያለው የቤተሰብ ፎቶ በሙሉ ይውረድ አለች። የልጆቹን የምረቃ ፎቶ፣ የእማዬንና የአባዬን፣ የእመቤታችንን ሥዕል ሳይቀር አውርጄ ካርቶን ውስጥ አሸግኩ። ሥዕሏን ሳወርድ ከብዶኝ ነበር። ምክንያቱን ግን በደንብ አስረዳችኝ። ገዢ የሰው ቤት እንግዳ ሆኖ መቆም የለበትም። የራሱን አልጋ፣ የራሱን ጠረጴዛ የት እንደሚያደርግ እያሰበ መዞር አለበት። ግድግዳው ሁሉ የእኛ ፊት ከሆነ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ቶሎ አይቶ ይወጣል።

ቀጥሎ የሽታ ነገር መጣ። በርበሬና ቅቤ መጋረጃና ምንጣፍ ውስጥ ይገባል፤ የለመደ አፍንጫ አይሰማውም። መጋረጃው ታጠበ፣ ምንጣፉ ተነሳ፣ ግድግዳው ነጣ ያለ ቀለም ተቀባ። ቤቱ ገበያ ላይ እስካለ ድረስ ወጥ የምሠራው ጓደኛዬ ቤት ነበር። ቡናም ያለ ዕጣን ጠጣን። አንቺ ይህን አታድርጊ። የጉለሌ ገዢ ቡና ተፈልቶ ቢደርስ ደስ ይለዋል እንጂ አይሸሽም። ከሽታ ማሰብ ያለብሽ የእርጥበቱን ነው፤ ያንን ክረምት በመጣ ቁጥር የጓዳው ግድግዳ የሚያወጣውን ሻጋታ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ሌላ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሻጭ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ቅጽ ላይ ሞልቶ ለገዢው ይሰጣል፤ ወይም ባለበት ሁኔታ ነው የምሸጠው ብሎ ይፈርማል። እንዲህ ብሎ የፈረመም ቢሆን፣ ገዢው አይቶ ሊደርስበት የማይችለውን፣ እሱ ግን የሚያውቀውን ለጤና የሚያሰጋ ጉድለት መናገር ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ውስጥ ስላለው እርሳስ የሚያውቀውን ማሳወቅ አለበት፤ ይህ በመላ አገሪቱ ነው። የኛ ካውንቲ፣ ሞንጎመሪ፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ ሬዶን የሚባል ጋዝ አለ ብሎ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከሽያጭ በፊት እንዲለካ ያዛል። ምድር ቤቱን አስለክተን ውጤቱን ሰጠናቸው። ከዚያ ገዢዎቹ የራሳቸውን መርማሪ ይዘው መጡ። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ሶኬቱን ሁሉ ነካካ። የደበቅነው ነገር ስላልነበረ ድርድሩ ሳይቆራረጥ አለቀ።

አሁን ወደኛው ቤት ልምጣ። እታለም፣ ያ ቤት ለእኛ ሁሉም ነገር ነው። በ1967 በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ለአባዬ የቀረችው አንዲት ቤት እሷ ናት። ግን ጭቃ ቤት ናት። ብር ያለው ገዢ ግድግዳውን አይደለም የሚያየው፤ ቦታውን ነው። ካሬው ስንት ነው? ፊቱ ወደ መንገድ ስንት ሜትር ነው? መኪና ያስገባል? በፕላኑ ምን መሥራት ይፈቀዳል? ብዙዎቹ አፍርሰው ሊሠሩ ነው የሚገዙት። ስለዚህ አዲስ ኮርኒስና የማድቤት ሴራሚክ ላይ የምታወጡትን ብር የሚመልስላችሁ ሰው አይታየኝም። ጋሼን በእኔ ስም ለምኚልኝ።

ብሩም ጊዜውም ወረቀቱ ላይ ይዋል። ካርታው እስካሁን በአባዬ ስም ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥታችሁ ስሙን ወደ ሦስታችን አዙሩ። ከዕዳና ከእገዳ ነጻ የሚለውንም አውጡ። የቦታ ግብሩ ደረሰኝ አንድ ላይ ይሰብሰብ። ካርታው ላይ ያለው ካሬና አጥሩ ይገጥማሉ ወይ? ሰርቪስ ቤቶቹስ ካርታው ላይ አሉ? ይህን ገዢው ሳይጠይቃችሁ እናንተ እወቁት። ሌላም አለ። ነባር ይዞታ፣ ማለት ሊዝ ሳይመጣ የተያዘ እንደኛ ያለ ቦታ፣ በውርስ ለእኛ ሲያልፍ እንደነበረ ይቀጥላል። በሽያጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ግን በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ፣ በቁጥር 721፣ መሠረት ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው፤ ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት እየከፈለ ማለት ነው። ይህ ዋጋ ላይ ይመጣል። ደላላው እንዲያድበሰብሰው አትፍቀዱ፤ ራሳችሁ አንሱት።

ቤቱን አትንኩ ማለቴ አይደለም። መኖሪያም ብሎ የሚገዛ አይጠፋም። ጣሪያው ላይ የሚያፈሱት ቆርቆሮዎች ይቀየሩ፣ አሸንዳው ይጠረግ። የረጠበውን ግድግዳ ሳያደርቁ ቀለም መደረብ ግን ነውር ነው፤ ገዢው በሐምሌ ያገኘዋል። የውጭው በር ዝገቱ ተፍቆ ይቀባ። ግቢው ውስጥ የተከመረው እንጨትና አሮጌ ሮቶ ይውጣ፣ የቦታው ስፋት ያኔ ነው የሚታየው። የእማዬን ጌሾ ግን አትቁረጡት፤ ለግቢው ሕይወት የሰጠው እሱ ነው። ደላላው ቴሌግራም ላይ የሚለጥፈውን ፎቶ ልጆቹ ያንሱት። ጠዋት፣ መጋረጃው ተከፍቶ፣ ልብስ ከገመዱ ወርዶ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው በስልኩ ነው፤ እዚህም እንደዚያው ነው።

የሰርቪሷን ተከራይ አትርሺያት። በ2016 በወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም። ውሏን አይታችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ለገዢውም ንገሩት። ልጆች ይዛ ድንገት መንገድ ላይ እንድትወጣ አልፈልግም፤ አባዬም አይወደውም ነበር።

የእማዬ ቡፌ ለአንቺ ይሁን። የአባዬን ዳዊት ጋሼ ይያዘው። ለእኔ ጀበናዋን በሚመጣ ሰው ላኩልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።

ለጋሼ የምሰጠውን ውክልና እዚህ ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ሄጄ ላሠራ ነው። ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ይህንን ቤት መሸጥ ይችላል የሚል ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። ስለዚህ የካርታውን ፊትና ጀርባ፣ የቤት ቁጥሩንና የጋሼን መታወቂያ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ስሙ መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መግባት አለበት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። እስከዚያ ጋሼ ቀለም እንዳይገዛ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህትሽ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ