ያልወለደሽን ወለደኝ አትበይ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። ያላገባ ማስረጃሽን ከቀበሌ አውጥቼ አስተርጉሜዋለሁ። አንዲት ፊደል ከፓስፖርትሽ ጋር አልገጥም ብላ ሁለት ቀን አመላልሳኛለች። ፎቶውን ወንድምሽ በቴሌግራም ይልክልሻል፤ ዋናውን ሰው ሲገኝ።

ይህን በስልክም እነግርሽ ነበር። ብዕር ያስያዘኝ ሌላ ነው። እሑድ ማታ አክስትሽ ደወለች። እጮኛሽ ቤት ራት ተጋብዛ ያን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዘር ሐረግ አየችው። በእነሱ በኩል ስንት ትውልድ ተደርድሮ፣ በእኛ በኩል ደግሞ አንቺ የሞላሽውን። "ወንድም ጋሼ፣ አባባ ፊታውራሪ የሆኑት መቼ ነው?" አለችኝ። እሷ ትስቃለች። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም።

ልጄ፣ ያልወለደሽን ወለደኝ አትበይ።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ፓስተኖች ስለሚባሉት የጥንት የእንግሊዝ ቤተሰብ የምትነግሪኝ ማን ነበር? ያን የላክሽልኝን ጽሑፍ ሁዳዴን ሙሉ በመዝገበ ቃላትና በአጉሊ መነጽር ጨርሼዋለሁ። ዕድሜዬን ፍርድ ቤት መዝገብ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝና የእንግሊዝ ርስት ክርክር የጎጃምን እንዲህ ይመስላል ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር።

ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ልጻፈው። በ1419 የሞተው ክሌመንት፣ ኖርፎክ ውስጥ ፓስተን በምትባል መንደር ክረምት ከበጋ የሚያርስ ገበሬ ነበር። መሬቱ መቶ፣ ቢበዛ መቶ ሃያ ኤከር፤ ከዚያም ብዙው የጌታ ግዴታ ያለበት። ኮርቻ በሌለው ፈረስ ላይ እህሉን አንጥፎ፣ እላዩ ተቀምጦ ወፍጮ ይወርዳል፤ ዱቄቱን እንደዚያው ይዞ ይመለሳል። ሚስቱ ቢያትሪስ ነፃ ያልወጣች፣ ከመሬቱ ጋር የምትቆጠር ናት ይሉ ነበር። ይህን የጻፈው ጠላታቸው ነው ብለሽኛል። ይሁን። ሊያዋርዳቸው በጻፈው ላይ እኮ ነው እኔ ክሌመንትን የወደድኩት! ገንዘብ እየተበደረ ልጁን ያስተማረ አባት ነዋ። የቢያትሪስ ወንድም ሕግ አዋቂ ስለነበር የቀረውን አገዘ። ልጁ ዊሊያም በ1429 የንጉሡ ዳኛ ሆነ፤ መሬት በመሬት ላይ ገዛ፤ የእሱ ልጅ ጆን ደግሞ ባለርስቷን ማርጋሬት ሞትቢን አገባ። ከእህል ጆንያ እስከ ዳኛ ወንበር አንድ ትውልድ ብቻ! እኔ ብሆን ያን ኮርቻ አልባ ፈረስ በር ላይ አስቀርጸው ነበር።

እነሱ ግን አፈሩበት። ፍርሃትም ነበረባቸው፣ እሱን አልክድም። ባለጋራዎቻቸው "እናንተ የንጉሥ ባሪያ ገበሬ ናችሁ፣ ርስት አይገባችሁም" ይሏቸው ነበር። ባለጸጋው የጦር ሰው ሰር ጆን ፋስቶልፍ በ1459 ሞቶ የኬስተር ግንብ ለጆን ተናዟል ሲባል ደግሞ ጠላቱ በዛ። ጆን ሦስት ጊዜ ለንደን ፍሊት እስር ቤት ገብቶ ወጣ፤ በ1466 ግንቦት ላይ ሞተ። ቀብሩ ላይ የችቦው ጭስ እንዲወጣ የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት መስታወት አስነቅለዋል። እኛ በተዝካር እንታማለን! በሁለት ወሩ ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ "ፓስተኖች ከ1066ቱ ወረራ ጀምሮ የተከበሩ ናቸው" የሚል ደብዳቤ ሰጣቸው። ያቀረቡት የትውልድ ቆጠራ ከፈረንሳይ የመጣ ዉልስታን የሚባል አባት ነበረበት። "አባዬ፣ ፈጠራ ነው" ብለሽ የሳቅሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ የእኛ ፊታውራሪ ከዉልስታን በምን ይለያል?

በዚህም ቢበቃቸው ጥሩ ነበር። በ1469 የጆንና የማርጋሬት ልጅ ማርጀሪ የቤቱን መጋቢ ሪቻርድ ኮልን በስውር ቃል ኪዳን አገባች። ወንድሟ ምን አለ? እህቴ ፍራምሊንግሃም ገበያ ሻማና ሰናፍጭ ስትሸጥ አላይም አለ። የኮል ዘመዶች ነጋዴዎች ነበሩና። በጆንያ ላይ ተቀምጦ ወፍጮ የሚወርደው ሰው የልጅ ልጅ ልጅ እኮ ነው ሰናፍጭ የናቀው! የኖርዊች ጳጳስ ልጅቷን አስጠርቶ በምን ቃል እንደተጋቡ መረመራት፤ ከቃሏ አልተነቃነቀችም። እናቷ ማርጋሬት በሯን ዘጋችባት። ያቺ ማርጋሬት፣ ግሬሻም የነበረውን ርስታቸውን ስትጠብቅ ለባሏ "የጦር ቀስት ላክልኝ" ብላ በዚያው ወረቀት አንድ ፓውንድ ለውዝና አንድ ፓውንድ ስኳር ያዘዘችው፣ እንዴት ያለች ሴት ነበረች። ከ13 ዓመት በኋላ ስትናዘዝ ለማርጀሪ ልጅ 20 ፓውንድ ተወችለት። የዘጋችውን በር ግን ኑዛዜ አይከፍተውም።

ስለ ስኳር ካነሳሁ፣ በርበሬውና ሽሮው ተዘጋጅቷል። የወንድምሽ ጓደኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ይመጣል፤ ለንደን ድረስ ሄደሽ ተቀበይው እንጂ በፖስታ ላክ አትበይው።

አሁን የምነግርሽን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

በ1964 ዓ.ም. እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር፤ ጃንጥላ፣ የካርቦን ወረቀትና የጽሕፈቴ ማማር። አያትሽ ያን የወንዝ ዳር መሬት "በእናቴ በኩል ይገባኛል" ብለው ከሰሱ። ርስት ያኔ በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር፤ እስከ ዋናው አባት መድረስ ብቻ ነበር። ቆጠርን፣ ቆጠርን፤ አምስተኛው ላይ ሐረጉ ተቋረጠ። አባባ ጢማቸውን ዳብሰው "አንዲት እህት ነበረቻቸው በልና ጻፍ" አሉኝ። "ስሟ?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና አንድ ስም ሰጡኝ። ጻፍኩ። በአንድ መስመር አንዲት ሴት ወለድኩ፣ ዳርኩ፣ ልጅ አስወለድኩ።

ተከሳሿ ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች። ፊደል አትቆጥርም። ችሎት ቆማ የራሷን ትውልድ በቃሏ እስከ ዘጠኝ አወረደች፤ ከጎን ያሉትን ወንድሞችና እህቶች ሳይቀር። የእኛ ሲነበብ እጇን አነሳች። "ይህችን አላውቃትም፤ ማን ወለዳት?" አለች። ዳኛው ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። ወረቀቱ ያምር ነበር። ተፈረደልን።

መሬቱ ሁለት መኸር ጤፍ ሰጠን። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ታወጀና የእሷም የእኛም መሆኑ ቀረ። አሮጊቷ ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ በአገኘችኝ ቁጥር ነጠላዋን እያስተካከለች፣ እንደ ደኅና ዘመድ፣ "ያቺ አያታችሁ ደኅና ናት?" ትለኛለች። እስክትሞት ድረስ ጠየቀችኝ። አንድ ቀን እንኳ "እኔ ነኝ የወለድኳት" ማለት አቃተኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልነገርኩሽ። ክሱ ላይ እያለን አክስትሽ ተወለደች። አባባ ነገሩ ሥር እንዲይዝ ብለው ሕፃኗን በዚያች ሴት ስም ጠሯት፤ "የአያቷን ስም አወጣሁላት" ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። የክስ ወረቀት ላይ የተፈጠረች ሴት ስም ይዛ ሃምሳ አራት ዓመት ኖራለች። እሑድ ማታ ደውላ "አባባ ፊታውራሪ የሆኑት መቼ ነው?" ስትለኝ ያልሳቅሁት ለዚህ ነው። ለአክስትሽ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ቀድመሽ እንዳትነግሪያት፣ ሰምተሻል?

አማችሽ መልካም ሴት እንደሆኑ ነግረሽኛል፤ ጠይቀው የሰቀሉት አክብረውሽ ነው። ሄደሽ "አያቴ ገበሬ ነበሩ፣ ተሳስቼ ነው" በያቸው። ካፈርሽ ስለ ክሌመንት ንገሪያቸው፤ እሱ እዚያው ከእናንተ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያረሰው አይደል? የእነሱም ሐረግ ሲታይ አንድ ሁለት ዉልስታን አይጠፋበትም፤ ይህን ግን አትበያቸው። ያልወለደሽን ወለደኝ አትበይ ብቻ ነው ያልኩሽ።

የማውቃቸውን አያቶችሽን ስም በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። በአባባ እናት በኩል አራት ናቸው። ከአራተኛው በላይ ያለውን ቦታ ባዶ ተዪው፤ ባዶነቱ ደስ ባይላቸው እንኳ እንዳትሞይው።

ብርዱ ገብቷል አሉ። ያን ወፍራም ካልሲ አድርጊ።

አባትሽ