በጀጎል ግንብ ዙሪያ ከውሻ ጋር ስለመዞር

ክቡር አዘጋጅ፦

ሐረር ውስጥ ውሻ ይዞ በእግር የሚንሸራሸሩበት ቦታ የለም የሚል ቅሬታ ከወዳጆቼ ደጋግሜ ስለሰማሁ፣ እኔ ከውሻዬ ከቦቢ ጋር ዘወትር ቅዳሜ የምዞረውን መንገድ ለአንባቢዎቻችሁ ላሳውቅ፣ በዚያውም አንድ ነገር ላሳስብ ፈለግሁ። መንገዱ ሌላ አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐረር ገዥ በአሚር ኑር ዘመን የተሠራውን፣ አሮጌውን ከተማ ጀጎልን የሚከበውን የጀጎል ግንብ በውጭ በኩል ተከትሎ መዞር ነው። ግንቡ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚረዝም ልጅም ሆነ አዛውንት ሳይቸኩል ይዞረዋል።

በውጭ በኩል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የጀጎል መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው፤ የአብዛኛው ነዋሪ መዝሀብም (የሚከተለው የእስልምና ሕግ ሥርዓት) ሻፊዒ በመሆኑ፣ የውሻ ምራቅ ልብሱን የነካው ሰው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜም በአፈር፣ ማጠብ ይጠበቅበታል። 82 መስጊዶች ባሉበት ግቢ ውስጥ ለሰላት የሚቻኮለውን ጎረቤት በውሻ ማስቸገር ነውር ነው።

እኔ የምነሣው ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከሐረር በር ነው። ሸዋ በርን ነጋዴዎች ዕቃቸውን ሳይዘረጉ ማለፍ ይበጃል፤ ገበያው ከደመቀ በኋላ ውሻ ይዞ እዚያ መሀል መገኘት ለሰውም ለውሻውም ጭንቅ ነው። ከፈላና በር ወደ ኤረር በር የሚያወርደው ግን የዙሪያው ሁሉ ማማር ያለበት ነው። የጠዋት ፀሐይ ድንጋዩ ላይ ታርፋለች፤ መንገዱም በመካነ መቃብር አጠገብ ስለሚያልፍ እዚያ ገመዱን አሳጥሮ መያዝ ግድ ይላል። ከግንቡ ሥር ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል የሚሏቸው፣ ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ቦቢ ከአንዱ ቀዳዳ ፊት በደረሰ ቁጥር ፀጉሩ ይቆማል፤ ጭራውን ሸጉጦ አፈሩን ያሸታል፤ እግሩን ተክሎም እንቢ ይላል። እንደምንም ጎትቼ ሃያ እርምጃ ያህል ካራቅሁት በኋላ ግን ዞር ብሎ ይጮኻል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉት አባቶች ይህን አይተው ይሆናል። ጅብ ውሻን እንደሚበላ ማንም ያውቃልና፣ ፀሐይ ሳትወጣም ሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በዚህ መንገድ ውሻ ይዞ መውጣት አይገባም። ከኤረር በር በሰንጋ በርና በቡዳ በር አድርጎ መመለሱ ዳገት ቢኖረውም አያስቸግርም።

ማሳሰቢያዬ ከግንቡ ሥር ስለሚደፋው ቆሻሻ ነው። ባለፈው ጥቅምት ቦቢ የተሰበረ ጠርሙስ ረግጦ የፊት እግሩን መዳፍ ክፉኛ ስለቆረጠው፣ ሃያ አምስት ኪሎ የሚመዝን ውሻ ተሸክሜ እስከ ባጃጅ ድረስ መሄድ ነበረብኝ፤ ሁለት ባጃጆችም ደሙን አይተው አልፈውናል። በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃን ቢሆን ኖሮስ? ይህ ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ የሚመለከታቸው ክፍሎች ቢያንስ ጠርሙሱን በየሳምንቱ ቢያስለቅሙ፣ በየበሩም የቆሻሻ መጣያ ቢያስቀምጡ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

እኛ ባለ ውሾችም ከወቀሳ ነፃ አይደለንም። ውሻን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳያስከትቡና ገመድ ሳያስሩ ሰው መሀል ይዞ መውጣት በሌላው ሕይወት መቀለድ ነው። እዳሪውንም እኔ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልዬ እስከማገኘው መጣያ ድረስ እይዘዋለሁ፤ የእናንተም ጋዜጣ አንብቤ ስጨርሰው ለዚሁ ስለሚያገለግል ቅር እንዳትሰኙብኝ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሐረር ነዋሪ