ለእማዬ፦ ሥራ አትፈልጊልኝ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የላኩልሽ ቅባት ሠራ ወይስ እንደ ቀድሞዎቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሐዋሳም ደህና ናት፤ ሙቀቷ ግን ለይርጋለም ልጅ አይሆንም።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ አልሆነልኝም። ስለ ሥራዬ ላወራሽ ስጀምር "በይ ካርድሽ እንዳያልቅ" ትይና ትዘጊዋለሽ።

ሰሞኑን ጎረቤታችን ጋሼ ደውለውልኝ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይፈልጋል፣ ሰውም አናግሬልሻለሁ አሉኝ። ነገሩ ከማን እንደመጣ ገብቶኛል። አልተቀየምኩሽም፤ እናት ነሽ። ግን ልለምንሽ፣ ሥራ አትፈልጊልኝ። ሥራ አለኝ። ሰው ሲጠይቅሽም "እየፈለገች ነው" አትበይ። "ስለ ሙዚቃና ስለ ባህል ትጽፋለች" በያቸው። "የት ተቀጥራ?" ካሉሽ "የትም" በይና ቡናሽን ቅጂ።

እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ጽሑፍ ጽፌ ይዤ አልዞርም። መጀመሪያ የምልከው ሐሳቡን ነው፤ ፒች ይባላል። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ታሪኩ ምንድን ነው? ለምን አሁን? ማንን አነጋግራለሁ? ኤዲተሩ ከወደደው የቃሉን ብዛት፣ ክፍያውንና የማስረከቢያውን ቀን ይነግረኛል። ካልወደደው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው። አንዴ አስታውሰዋለሁ። አሁንም ዝም ካለ ለሌላ እልካለሁ። ድሮ ዝምታው ያመኝ ነበር። አሁን እንቅልፍ አይነሳኝም።

ገንዘቡ እንደ ቡና ገበሬ ገንዘብ ነው። ሲመጣ አንድ ላይ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። እዚህ አገር ብዙ ቦታ የሚከፈለው ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ እሱም ከስንት ጉትጎታ በኋላ። ለዚህ ነው እቁብ የገባሁት። ዕጣው ሲደርሰኝ የቤት ኪራዩን አስቀድሜ እከፍላለሁ። ቲን ነምበርም አውጥቻለሁ፤ ያለሱ ከፋዩ 30 በመቶ ቀንሶ ነው የሚሰጠው። የውጭዎቹ በዶላር ይከፍላሉ፣ በባንክ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ደስ ብሎኝ ነበር። ዘይቱና ጤፉ ተከትለው ሲወጡ ደስታው ቶሎ በረደ። ጽሑፍ ሲጠፋ ደግሞ የዘፈን ግጥም እተረጉማለሁ፣ ፊልም ሊቀርጹ ለሚመጡ ፈረንጆች ሰው አገናኛለሁ።

አንድ ነገር ግን አልወስድም፦ አልበም ሲመረቅ ለጋዜጠኛ የሚታደለውን ፖስታ። "የትራንስፖርት" ይሉታል። አንዱ አዘጋጅ የላከልኝን መልሼለት እስከዛሬ ተቀይሞኛል። ይቀየም። ፖስታውን ኪሱ የከተተ ሰው "ሦስተኛው ዘፈን ደካማ ነው" ብሎ በምን አፉ ይጽፋል?

"ለምን አዲስ አበባ አትሄጂም፣ ዘፋኞቹ እዚያ አይደሉ?" ብለሽኝ ነበር። ዘፋኞቹ እዚያ ናቸው፤ ጋዜጠኞቹም እዚያ ናቸው። አንድ ዘፋኝ አልበም ባወጣ ቁጥር ያው ሰው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀዋል። እኔ ደግሞ ሲዳማው ደጄ ነው። ጌዴኦው፣ ወላይታው፣ የዶርዜዎቹ ብዙ ድምፅ ያለው ዘፈን፣ የደራሼዎቹ የዋሽንት ጨዋታ ፊላ፣ ሁሉም ከሐዋሳ በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው። ስንቱ ገና አልተጻፈም።

የፍቼ ጨምበላላን፣ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ቀን ልንገርሽ። በዓሉ የሚከበርበት ሜዳ፣ ጉዱማሌ ጠርዝ ላይ መቅረጫዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቀረጻውን ያበላሽብኛል። ማይኩን ካልሲ አለበስኩት። ወንዶቹ በሰልፍ ፋሮ እየጨፈሩ ሲመጡ መሬቱ በእግሬ ሥር ይሰማኛል። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ይኼን ለማን ነው የምትወስጂው?" አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት የጆሮ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጌ መልሼ አሰማኋቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ሳቁና አውልቀው ለጎናቸው ሰው ሰጡት። እሱም ለሚቀጥለው። ማዳመጫዬን መልሼ እስካገኘው ባትሪው አለቀ።

ከዚያች ቀን የወጣው ሥራ ብዙ ነው። ዩኔስኮ በዓሉን በ2008 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ ስለ ምዝገባው ግን ብዙ ተጽፏል። እኔ አንዱን ስለ አያንቶዎቹ ጻፍኩ፣ ኮከብ አይተው ቀኑን ስለሚቆርጡት አዋቂዎች። ሌላውን ስለ ቡርሳሜ፤ በአፈ ታሪኩ ያገባችው ሴት በዓመት አንዴ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ይዛው የምትመጣው ምግብ ነው። ድምፁን ደግሞ ለሬዲዮ ሸጥኩት። አንድ ቀን የዋልኩበትን በአንድ ጽሑፍ ብቻ ከሸጥኩ ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

ፈረንጅ ኤዲተር ሁሉ የሚፈልገው አንድ ዘመን ነው፦ የሙላቱ አስታጥቄን፣ የማህሙድ አህመድን፣ የአምሃ እሸቴን ሸክላዎች ዘመን። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኤቲዮፒክስ በተባሉት ሲዲዎች ለዓለም ካሰማቸው ወዲህ ሌላ የለንም ይመስላል። አምሃ የዋዛ ሰው አልነበረም፤ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ ያሳተመ ነው። ይጻፍለት። ግን ቀጥሎ ምን ይላሉ መሰለሽ? "ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ሙዚቃው ሞተ።" አሁን ይኼ እውነት ነው? ባንዶቹ ሆቴል ውስጥ ተዘግቶባቸው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ካሴቱ የገባው በዚያው ዘመን ነው። በየቀበሌውና በየአውራጃው ደግሞ ኪነት የሚባል የዘፈንና የቴአትር ቡድን ነበረ። ስንት ወጣት ማይክ የጨበጠው እዚያ ነው። ስለ ባህር ማዶው ሸክላ ገዥ ተጽፎ ስለ ይርጋለም ኪነት አንድ ገጽ አላየሁም።

አንቺ ደግሞ እዚያ ነበርሽ።

አክስቴ ፎቶውን አሳይታኛለች። በካኪ ልብስ፣ ሹሩባ ተሠርተሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ እየዘፈንሽ። አያቴ "አዝማሪ ሆነሽ ልትቀሪ ነው" ብላ ስታለቅስ እንደነበርም ነግራኛለች። ይኼን ሁሉ ዘመን "ያ ነገር ይቅር" ስትይ የነበረው ለምን እንደሆነ በከፊል ይገባኛል። ያኔ ሁሉም ወዶ አልዘፈነም። ስለ ቀይ ሽብር ማውራት ካልፈለግሽ አልጠይቅሽም።

እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። እንዴት መረጧችሁ? ግጥሙን ማን ይጽፍ ነበር፣ ማንስ ያጸድቀው ነበር? ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻው፣ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ገጠር ወጥታችሁ ዘፍናችኋል? በምን ቋንቋ? ጊታሩ የማን ነበር? ደግሞስ ደመወዝ ነበረሽ? አልነበረሽም አይደል!

ሐሳቡን ለአንድ መጽሔት ልኬዋለሁ፤ ወደውታል። ስምሽ እንዲወጣ ካልፈለግሽ አይወጣም። ከመታተሙ በፊት ያልሽውን አነብልሻለሁ፣ የማይመችሽን ታወጪያለሽ። ለማንኛውም ሰው እንዲህ አላደርግም፣ ግን አንቺ እናቴ ነሽ፤ ኤዲተሩም ያውቃል።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ እመጣለሁ። መቅረጫው ትንሽ ነው፣ አያስፈራም። ቴሌቪዥኑን እናጠፋለን፣ ዶሮዎቹንም ከመስኮቱ ሥር ታርቂልኛለሽ። ፎቶውን ከአክስቴ ተቀበያት። ከጀርባው በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም አለ፤ በላዩ ፕላስተር እንዳትለጥፊበት። ከፎቶው ላይ እስከ አሁን ይርጋለም ያለ ሰው ካለ ቀድመሽ አናግሪልኝ። በተለይ ክራር የያዘውን።

ልጅሽ
ከሐዋሳ