የታይፎይድ ውጤት በዓይን ሲፈረድ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጅማ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድ አለብህ» ሳይባል የወጣ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ያ የውጤት ወረቀት ዊዳል በሚባለው የታይፎይድ ምርመራ እንዴት እንደሚሞላ፣ በላቦራቶሪ ሙያ ያገለገልኩ ጡረተኛ በመሆኔ ልንገራችሁ።

ከደም የተለየ ጠብታ ሴረም (የደሙ ውሃ) ስላይድ ላይ ይደረግና የመመርመሪያው ፈሳሽ ይጨመርበታል። ተማስሎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይወዛወዛል፤ ከዚያ በዓይን ማየት ነው። መጓጎል የ«ፖዘቲቭ» ምልክት ነው፤ በደንብ ከጓጎለ ማንም አይስተውም፣ ጨርሶ ካልጓጎለም እንዲሁ። ጣጣው ዳር ዳሩ ላይ ደቃቅ ነገር ብቅ ሲል ነው። አንዱ ባለሙያ «ኔጌቲቭ» ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላው «1:80» (ሴረሙ ሰማንያ እጥፍ ቢቀጥንም ይጓጉላል ማለት ነው) ብሎ ይጽፈዋል። ያው ባለሙያ ራሱ ጠዋት ያለፈውን፣ ወረፋው ሲበዛበት ከሰዓት በኋላ ላያልፈው ይችላል። ማዘዣው ላይ «ትኩሳት፣ ራስ ምታት» የሚል ካነበበማ ዓይኑ መጓጎሉን ይፈልገዋል። ደቂቃዋ አልፋ ጠብታው መድረቅ ከጀመረ ደግሞ ያልጓጎለውም የጓጎለ ይመስላል።

ንባቡ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ቀድሞ ታሞ የዳነ ወይም የተከተበ ሰው ደምም ይጓጉላል። ታይፎይድ በማይጠፋበት አገር 1:80 በጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። የተሻለው ማረጋገጫ የደም ካልቸር (ተህዋሲያኑን ከደሙ አሳድጎ ማየት) ነው፤ ግን ቀናት ይፈጃል፣ በየክሊኒኩም የለም። ስለዚህ ዊዳልን ተዉት አልልም።

ታካሚውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም (ቃሉን ይቅር በሉኝ)። «ምንም የለብህም» ሲባል ገንዘቡ የተበላ ይመስለዋል፤ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፣ እዚያ ይገኝለታል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይዞ ይገባል፤ የትኩሳቱ ምክንያት ወባ ከሆነ ግን ሕክምናው ዘገየበት ማለት ነው።

ቡናችን እንኳ ደረጃ ሲወጣለት አንድ ቀማሽ ብቻውን አይፈርድበትም። አጠራጣሪ ስላይድም የመጀመሪያውን ንባብ ያልሰማ ሁለተኛ ባለሙያ ይየው። ወረቀቱ ላይ «ፖዘቲቭ» ተብሎ አይታለፍ፤ ቁጥሩና አጠራጣሪነቱ ይጻፍ፣ ሐኪሙም ለታካሚው ይንገረው። ባለሙያው አንድ ብቻ በሆነበት ክሊኒክ፣ ሴረሙን በየደረጃው አቅጥኖ በቱቦ መድገም ይቻላል፤ ውጤቱ በማግስቱ ይደርሳል።

ጡረተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከጅማ